ጋሽ ድንቁ ያስጎበኙን አዳራሽ

እኛ ሰዎች ጉብኝት ሲባል ትዝ የሚለን ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ውኃ፣ ድንጋይና ንጉሥ። ሐይቅ ካለ እንሄዳለን። የተወቀረ ድንጋይ ካለ እንሄዳለን። ንጉሥ የተኛበት አልጋ ካለማ፣ አልጋው ተሰባብሮ አንድ እግሩ ብቻ ቢቀር እንኳ፣ ተሰልፈን እግሩን ፎቶ እናነሳለን። የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ያለበት ከተማ ስንደርስ ግን የመኪናችንን መስኮት ዘግተን እናልፋለን። እናንተም ታልፋላችሁ፤ አትካዱ። እኔ ራሴ አቃቂን ስንት ጊዜ አልፌያታለሁ፤ ወደ ቢሾፍቱ ስሄድ፣ ወደ አዳማ ስሄድ፣ ሁልጊዜም ወደ ሌላ ቦታ ስሄድ። ያቺ ከተማ የስንቱን ቤት አንሶላ ስትሸምን ኖራ፣ እኔ ስለሷ የማውቀው መንገዷ እንደሚጨናነቅ ብቻ ነበር።

አየር ጤና ያለው እድራችን በዓመት አንድ ቀን አባላቱን በሕይወት እያሉ ይሰበስባል። ዓመቱን ሙሉ አብረን ስናለቅስ ከርመን፣ አንድ ቀን እንኳ አብረን እንሳቅ ተብሎ የተጀመረ ጉዞ ነው። መድረሻውን መምረጥ አያደክመንም፤ ቢሾፍቱ ነው። እንሄዳለን፣ ሐይቁ ዳር ተደርድረን ፎቶ እንነሳለን፣ ዓሣ እንበላለን፣ እንመለሳለን። ሐይቁ እስካሁን አልሰለቸንም። እሱ ግን እኛን ሳይሰለች አይቀርም።

ዘንድሮም ሊቀመንበራችን ጌታነህ «እንግዲህ እንደተለመደው…» ብሎ ሳይጨርስ ጋሽ ድንቁ ከኋላ ተነሡ።

«አቃቂ እንሂድ!» አሉ።

ጋሽ ድንቁ የእድራችን የድንኳን ኃላፊ ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ነው፤ «ደህና አደርክ» ሲሉ የሚጣሉ ይመስላሉ። ከወጣትነታቸው እስከ ጡረታቸው አቃቂ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ሠርተው፣ ከዚያ ልጃቸው ዘንድ አየር ጤና መጡ። እነሆ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲሞት ከዘመድ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። የድንኳን ቤቱን ቁልፍ በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚኖሩት። ልጃቸው እንደምትለው ገላቸውን ሲታጠቡ እንኳ አያወልቁትም።

«እዚያ ደግሞ ምን አለ?» አሉ እትዬ አስካለ፣ የመንደራችን ወሬ ሁሉ ሳይፈተሽ የማያልፍባቸው ጎረቤታችን።

«የሠራሁበት አዳራሽ አለ። ማሽኖቹን ሊያነሷቸው ነው። ሳይነሱ እዩልኝ።»

እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝና ቶሎ ብዬ ሐሳቡን ደገፍኩ። ለምን እንደደገፍኩ ልንገራችሁ፤ ከነገርኳችሁ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ሁላችንም አፋችንን በማስክ ሸፍነን ከኖርንበት ጊዜ ነው። አንድ ቀን ጠዋት የእድሩ ለፋፊ ማስኩን እንዳጠለቀ ጋሽ ድንቁ ዘንድ ሄዶ፣ ከአቶ ሙላት ቤት ቀጥሎ ባለው ግቢ ሰው ማረፉን ነገራቸው፤ በእጁም ወደዚያው ጠቆመ። ጋሽ ድንቁ እጁ ወደጠቆመበት ሄደው ድንኳኑን ከነአግዳሚ ወንበሩ አቶ ሙላት በር ላይ ተከሉት። አቶ ሙላት ዳቦ ሊገዙ ፌስታል ይዘው ሲወጡ የገዛ ለቅሷቸው ላይ ደረሱ። የሚስታቸው እህት ድንኳኑን ከሩቅ አይታ ደረቷን እየደቃች ስትመጣ፣ «ምነው፣ ማን ሞተ?» ብለው የተቀበሏት ራሳቸው አቶ ሙላት ነበሩ።

መንደሩ ሳምንቱን ሙሉ ሳቀ። አቶ ሙላት ግን አልሳቁም፤ አንዴ ደጃፋቸው የተተከለ ድንኳን ባዶውን አይነቀልም ብለው እስከ ዛሬ ይሰጋሉ። እኛም ስቀን ስንጨርስ ፈረድን፤ ጋሽ ድንቁ አርጅተዋል። በዚያ ሰሞን ከባለ ሱቁም፣ ከታክሲ ረዳቱም፣ ከልጃቸውም ጋር ይጋጩ ስለነበር ፍርዳችን ልክ መሰለን። ማስኩ ሲወልቅ ጠባያቸው ወደ ቦታው ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ የጠየቀ ግን የለም።

እናም ከስብሰባው ሳምንት ቀደም ብሎ ዘነበወርቅ ሰፈር አንድ ለቅሶ ላይ ተቀምጠን፣ ወደ ጌታነህ ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ «ከጉዞው በኋላ ቁልፉን እንቀበላቸው። ሽማግሌው አይሰሙም፤ ተነገራቸው አልተነገራቸው ያው ነው» አልኩት። ጌታነህም ተስማምቶ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ድንቁ ከማዶ የድንኳኑን ምሰሶ ይዘው ቆመው ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ተነሥተው አቃቂ እንሂድ ሲሉ ታዲያ፣ ሳናሰናብታቸው በፊት ደስ ይበላቸው ብዬ ነው የደገፍኩት። ደግ ሰው ነኝ፤ አይደል?

የጉዞው ቀን አውቶቡሳችን ከአየር ጤና በማለዳ ተነሣ። ግማሻችን ኦርቶዶክስ፣ ግማሻችን ጴንጤ ስለሆንን የማን መዝሙር ይከፈት የሚለው ክርክር ቃሊቲ አደረሰን። በመጨረሻ የሬዲዮ ዜና ላይ ተስማማን።

የእድር ሰው ተሰብስቦ ሲሄድ እንዴት እንደሚለብስ ታውቃላችሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወንዶቹ ጥቁር ኮታቸውን ደርበው ፋብሪካው በር ላይ ስንወርድ፣ ዘበኛው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።

«ነፍስ ይማር! ማን አርፎ ነው?» አለን።

«ልንጎበኝ ነው የመጣነው» አልነው።

ኮፍያውን መልሶ አደረገ። «ጉብኝት? እዚህ ምን አለና?»

ደግነቱ ጋሽ ድንቁ ፈቃዱን አስቀድመው ጨርሰው ነበር። ከበሩ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤትም አንዲት ቀጠን ያሉ ሴትዮ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡ። እትዬ በላይነሽ ይባላሉ። ድሮ ከጋሽ ድንቁ ጋር አንድ ክፍል ይሠሩ ነበር፤ ፋብሪካውን ቢለቁም ከበሩ መራቅ አልሆነላቸውም። ጋሽ ድንቁን አንገታቸውን አቅፈው ሳሟቸውና አብረውን ገቡ።

አዳራሹ ውስጥ ማሽኖቹ በረድፍ በረድፍ አቧራ ለብሰው ቆመዋል። አንዳንዶቹ ላይ የተጀመረ ጨርቅ እንደተጀመረ ቀርቷል። አንዱ ማሽን ላይ አንዲት ሠራተኛ የለጠፈቻት የመዳፍ ታህል መስታወት አለች። ጋሽ ድንቁ ወደ ወለሉ አመለከቱን። በረድፎቹ መካከል ሲሚንቶው እንደ ገበቴ ጎድጉዷል።

«ይሄ የኛ እግር ነው» አሉ። «ክር በተበጠሰ ቁጥር ከዚህ እዚያ፣ ከዚያ እዚህ።»

አቶ ሙላት ጎንበስ ብለው ጎድጓዳውን በእጃቸው ዳሰሱት። የተወቀረ ድንጋይ ለማየት ስንት አገር ዞሬአለሁ፤ በሰው እግር የተወቀረ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። የጋሽ ድንቁም ድምፅ እዚያ ውስጥ ጩኸት አልመሰለኝም። ለካ ለዚያ አዳራሽ ተለክቶ የተሰፋ ድምፅ ነው።

በዚህ መሐል እትዬ በላይነሽ ወደ አዳራሹ ሌላኛው ጫፍ ሄደው የድሮ ማሽናቸው ጋ ቆመው ኖሯል። ከዚያ ሆነው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ድምፅ የለም። ጋሽ ድንቁ ከዚህ በሳቅ ፈረሱ። እሳቸውም ድምፅ ሳያወጡ በከንፈራቸውና በጣታቸው መለሱላቸው። እንዲህ እየተባባሉ ብዙ ቆዩ፤ አንዱ ሲቆጣ፣ አንዷ ስትምል፣ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሲስቁ እያየን፣ እኛ አንዲት ቃል አልሰማንም።

«ምን እየተባባላችሁ ነው?» አለ ጌታነህ።

«ማሽኑ ሁሉ ሲሠራ እናትህ ጆሮህ ሥር ብትጠራህ አትሰማም» አሉ ጋሽ ድንቁ። «በከንፈር ነበር የምናወራው። ሐሜቱም፣ ፍቅሩም፣ ጠቡም በከንፈር። ጆሮዬን እዚሁ ትቼው ነው የወጣሁት። ዓይኔ ግን እግዜር ይመስገን፣ አሁንም ከዚያ ጥግ ያነባል።»

አሥራ አምስት ዓመት ድንኳን ውስጥ ትይዩ ተቀምጠን የሟችን ኑዛዜ፣ የልጆቹን ጠብ፣ የጋሽ ድንቁን አሮጌ ኮት ሳይቀር ስናነሣ ስንጥል የኖርን ሰዎች፣ እያንዳንዳችን በልባችን ወደ ኋላ መቁጠር ጀመርን። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ቀስ ብለው ወደ አፋቸው ሳቡ። አቶ ሙላት ማስኩ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ «አሃ!» አሉ። እኔ የዘነበወርቁ ለቅሶ ትዝ አለኝ። ጋሽ ድንቁ ለአፍታ አዩኝና ዓይናቸውን ወደ ማሽኖቹ መለሱ። አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ በሁለት ጣታቸው ይዘውት ነበር።

አፈርኩ። ሹክሹክታዬን ከማዶ አንብበው፣ ሳይከራከሩ፣ ሳያለቃቅሱ፣ ከመሰናበታቸው በፊት ማን እንደሆኑ ሊያሳዩን ነው ያመጡን። እኔ ደግሞ የመሰናበቻ ስጦታ የሰጠኋቸው መስሎኝ ነበር።

ስንመለስ እኔ ከሾፌሩ ጎን፣ እሳቸው ከመጨረሻው ወንበር ተቀመጡ። ሬዲዮው ዜናውን ይለፈልፋል። ቀና ስል በሾፌሩ መስታወት ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ዞር ብዬ፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ በከንፈሬ ብቻ፣ «ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ድንቁ። ቁልፉ የእርስዎ ነው» አልኩ።

«ይቅር ብያለሁ ልጄ!» ሲሉ አውቶቡሱ ተናጋ። ሾፌሩ ወራጅ ያለ መስሎት ፍሬን ያዘ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ።

«ማን ምን አለዎት?» አሉ እትዬ አስካለ።

ጋሽ ድንቁ በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ጀመር።

ከዚያ ወዲህ እድራችን አንድ ደንብ ጨምሯል፤ ሞት የሚያረዳ ሰው ጋሽ ድንቁ ፊት ለፊት፣ ብርሃን ላይ ቆሞ ይናገራል። ያልተጻፈ ሌላ ደንብም አለ። ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ ሴቶቹ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ይሸፈናሉ፤ ወንዶቹም መዳፋችንን አፋችን ላይ እንጭናለን። በቀደም ከሌላ ሰፈር የመጡ አንድ ለቀስተኛ አጠገቤ ተቀምጠው ይህንን ሲያዩ ቆዩና፣ «አየር ጤና ሐዘን ከልብ ነው፤ እንዲህ አፉን ይዞ የሚያዝን ሕዝብ አይቼ አላውቅም» አሉኝ።

እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ድንቁ ከማዶ ምሰሶውን ይዘው ያዩኛል። መልሼ ዘጋሁት።