ሰው የሚያባዛው ጎረቤቴ

የሒሳብ መምህር ጎረቤት አላችሁ? ከሌላችሁ ተመስገን በሉ። እኔ ግን ደረጀ አለልኝ። ሱሉልታ ውስጥ በዳኝነት የምመራው እድር በጠብ ሊፈርስ፣ ድንኳኑ ሳይቀር ለሁለት ሊቀደድ ሲል፣ «አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ መላ ፈልግ» አልኩት። ሽማግሌ ይጠራል ስል ወረቀት አወጣ! አባላቱን በፊደል ተካ፤ የተጣሉትን በመስመር አገናኘ፤ ደግሞ እያንዳንዱን መስመር የሁለቱ ጠበኞች ብዜት አደረገው፦ ሀለ፣ ሀመ፣ ሀረ፣ ሀሰ። እናንተዬ፣ ሰው ይባዛል?

«ጋሼ፣ ደስ ይበልዎት!» አለኝ። «አንድ ፊደል ብቻ ዜሮ ብናደርግ ጠቡ ሁሉ ይጠፋል። ሀን።»

«ይሄን ሀ የሚባል በጥባጭ ዛሬውኑ አባርረዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ደረጀ እስክሪብቶውን ከደነ። «ጋሼ፣ ፊደል ማደል የጀመርኩት ከዳኛው ነው።»