ዝናብ አለ ወይ?

እናንተ አገር እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ እኛ ጭሮ ግን በስልክ ስለ መንገድ በግልጽ የሚጠይቅ ሰው እንደ ጤነኛ አይታይም። ማን እንደሚሰማ አይታወቅማ! ስለዚህ "ዝናብ አለ ወይ?" ብለን እንጠይቃለን። "ካፊያ ቢጤ ነው" ከተባልን ፍተሻ በዝቷል ማለት ነው፤ መታወቂያችንን ኪሳችን ከትተን እንሄዳለን። "ዝናብ ነው" ካሉን ግን ነገር ተበላሽቷልና ቤታችን እንቀመጣለን። ማን እንደጀመረው በውል አይታወቅም፤ ጫት ጫኝ ሾፌሮች ናቸው ይባላል። ጉሊት ላይ ቲማቲም ከምትሸጠው ሴት ጀምሮ ይህን ምስጢር የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። ታዲያ ከማን እንደምንደብቀው እግዜር ይወቀው።

የገጠር ሰው ግን ላያውቅ ይችላል። ጀማልን ላስተዋውቃችሁ።

እኔ፣ ተስፋዬና ጀማል በወጣትነታችን ገለምሶ ላይ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን፣ አንድ ወጥ እየተሻማን ያስተማርን ሰዎች ነን። እኔና ተስፋዬ ከሰሜን ሸዋ ተመድበን የመጣን ነን፤ ጀማል የዚያው የገለምሶ ገጠር ልጅ ነው። በኋላ እኛ ወደ ጭሮ ተዛውረን እዚሁ ጡረታ ወጣን፤ እሱ ደግሞ ጠመኔውን ጥሎ የአባቱ ቡና ማሳ ውስጥ ገባ። ከገባም ወዲያ አልወጣም።

ባለፈው ደወለና የመጨረሻ ልጁ የሐሊማ ኒካህ እሑድ መሆኑን ነገረን። "ወንድሞቼ እንደሆኑ አልቀዋል" አለ። "የወንዱ ወገኖች ሽማግሌ ጭነው ይመጣሉ። በኔ በኩል ማን ይቀመጥ? እናንተ ከቀራችሁ ልጄ ወገን የላትም ይላሉ።" ይህን ሰምቶ እንቢ የሚል አንደበት የለንም። ቅዳሜ ማለዳ ሄደን እዚያው ልናድር ተስማማን።

የኔ ቤት ምክር ቤት ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። ባለቤቴ ዘነበች ሳምንቱን ሙሉ የሰማችውን የመንገድ ወሬ ሁሉ ቁርስ ላይ ስታቀርብልኝ ከረመች። "አንድ ነገር ብትሆን ሬሳህን ከየት ብዬ ነው የማመጣው?" አለችኝ በመጨረሻ። ሰው ገና በቁሙ እንዲህ ሲባል ጥሩ ስሜት አይሰጥም።

ቅዳሜ ማለዳ ተስፋዬ ቦርሳውን ይዞ መጣና ለማንኛውም ጀማል ጋ ደውለን እንጠይቅ ተባባልን። እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገና፣ ገና ቤቴ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ "መንገድ ላይ ነን!" ብሎ ጀመረ። (ይህን ውሸት ዋሽቶ የማያውቅ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ።) ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለመሆኑ... ዝናብ አለ ወይ?" አለው።

"ዝናብ?" አለ ጀማል። "ያ ሂሪያ፣ ወዳጄ፣ ከትናንት ጀምሮ ያወርደዋል እንጂ! ከባድ ዝናብ! አልሐምዱሊላህ! ጃንጥላ ብቻ እንዳትረሱ!"

መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ብንደውል፣ ብንደውል፣ ኔትወርክ የለም።

እስቲ ፍረዱኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሰም ሲሰጡኝ ወርቁን ፈልፍዬ ማውጣት እንጀራዬ ነበር። "አልሐምዱሊላህ ያለው አጠገቡ የሚሰማው ሰው ስላለ ነው" አልኩ። ተስፋዬ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ጃንጥላው ላይ ግን ተለያየን። እሱ "አጃቢ ያዙ ማለቱ ነው" አለ፤ እኔ "መሣሪያ ነው" አልኩ። ከጠመኔ በቀር ጨብጬ የማላውቀው ሰውዬ! ዘነበች "አጃቢም ሆነ መሣሪያ፣ ከዚህ በር አትወጡም" ብላ ክርክሩን ዘጋችው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ራሱ ደግሞ አናደደኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በሽርጥ ሆኜ ከተስፋዬ ጋር በጠርሙስ ክዳን ዳማ ስጫወት የግቢው በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጀማል ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሷል፤ ዓይኑ ቀልቷል። አየኝ። ከዚያ የበሩን መቃን እንደያዘ ተንሸራቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ዘነበችን ፈልጌ ነው የመጣሁት" አለ በመጨረሻ። "እንዴት ብዬ እንደምነግራት..."

የራሴን መርዶ ራሴ በር ከፍቼ ተቀበልኩ!

ለካ በዚያ ማለዳ ከጭሮ የወጣች ሚኒባስ በደሳ አካባቢ ጭቃ አንሸራቷት ተገልብጣ ኖሯል። ጀማል "መንገድ ላይ ነን" ያልነውን ይዞ ሲጠብቅ ወሬው ደረሰው። የሠርግ እንግዶቹን ጥሎ፣ የጎረቤት ፒክአፕ ይዞ በረረ። በደሳ ጤና ጣቢያ ገብቶ የእያንዳንዱን ቁስለኛ ፊት አየ። የባሰባቸው ጭሮ ተወስደዋል ሲሉት ሆስፒታላችን ድረስ መጣ። እዚያም ስላጣን የቀረው ለሚስቴ መንገር ብቻ መሰለው።

ተስፋዬ እየተንተባተበ የዝናቡን ምስጢር አስረዳው።

"ማል ጄታ? ምን ትላለህ?" አለ ጀማል። "ዝናብማ ዝናብ ነው! ቡናዬ ተጠምቶ ከርሞ ነው አልሐምዱሊላህ ያልኩት!"

"ጃንጥላውስ?" አለ ተስፋዬ፣ አላስችል ብሎት።

"እንዳትበሰብሱ ነዋ!"

ማናችንም አልሳቅንም። ልንሳፈርባት የነበረችው ያችው የማለዳዋ ሚኒባስ መሆኗ ትዝ አለኝ። ዝናቡ ዝናብ ሆኖም ሊገድለን ነበር፤ ያተረፈን የኔ ቂል ትርጉም ነው። በዚህ ይኮራል ወይስ ይታፈራል?

ጀማል ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ተነሣ። "በሉ እንሂድ፤ ነገ ጠዋት ሰዎቹ ይመጣሉ።"

ተስፋዬ ወደ ደጅ፣ ከዚያም ወደ እኔ አየ። "መንገዱ ግን... እንዴት ነው?"

ጀማል ጥያቄው ግራ እንደገባው ሰው አፈጠጠበት። "መንገዱ? ወላሂ አላየሁትም። እናንተን ስፈልግ ነው የመጣሁት።"

ሁሉን ከጓዳ ትሰማ የነበረችው ዘነበች ብቅ አለች። ጫማዬን አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችልኝ።