የጭሱ ሹም

ከጫካ ሥር የኖረ ሰው ሁሉ አንድ ጭስ አሽታች ጎረቤት አያጣም። ለሌላው አፍንጫ የተሰጠው ሊተነፍስበት ነው፤ ለእሱ ግን ሰፈር ሊጠብቅበት። ከየካ በላይ፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ለምንኖረው ለእኛ፣ ይህ ሰው ክቡር አቶ ገላው ነበሩ። ሹመቱን ማንም አልሰጣቸውም፤ ራሳቸው ወሰዱት።

ማታ ማታ በሬን በከዘራ ይቆረቁራሉ። እንደምን አመሸሽ ብሎ ነገር የለም።

«አንቺ ሥርጉት፣ ፍሟ ጠፍታለች?»

«ጠፍታለች፣ ገላው። ግባና እራት ብላ።»

«እስቲ አመዱን ጫሪልኝና ልየው።»

እጭራለሁ። አንዲት ቀይ ዐይን ብልጭ ካለች አለቀልኝ! «እሳት ይቺን ነው የሚፈልጋት» ይሉና ከጀሪካናቸው ያፈሱባታል። ያቺ ቢጫ ጀሪካን ከእጃቸው አትለይም። ለቅሶ ቤት እንኳ ይዘዋት ይመጣሉ፤ ለቀስተኛው ውሃ ሊያጠጡት መስሎት ይመርቃቸዋል።

የመስቀል ዋዜማማ አይነሳ! እኛ ደመራው ወደየት ይወድቅ ይሆን፣ ዘመኑስ ምን ይዞ ይመጣ ይሆን ብለን ስናንጋጥጥ፣ እሳቸው በጫካው በኩል ጀሪካናቸውን አቅፈው ይቆማሉ።

«አቶ ገላው፣ ደመራ እኮ ነው! ለበረከት ነው የሚነደው» አሏቸው አንድ ጊዜ ቄስ ሠረቀብርሃን።

«በረከቱ ይድረሰኝ አባቴ፤ ብቻ ወደዚህ እንዳይወድቅ ይጸልዩልኝ።»

አንድ ነሐሴ ደግሞ «ጫካው ጨሰ!» ብለው ሰፈሩን አስወጡት። በእኛ ዘንድ የጫካ እሳት የሚጠፋው በቅጠል ተገርፎ ነውና እርጥብ ቅርንጫፍ እየዘነጠፍን ዳገቱን ሮጥነው። ስንደርስ ጉም ነው። በዝናብ በስብሰን፣ ቅጠላችንን እየጎተትን ተመለስን።

«ጉምም ቢሆን መልመዱ አይከፋም» አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ።

ታዲያ ባለፈው የካቲት እውነተኛው መጣ። አቶ ገላው በዚያ ሳምንት ጉንፋን ጥሏቸው፣ ዳማከሴ በአፍንጫቸው ወትፈው ተኝተዋል። ልብስ ላሰጣ ስወጣ ሸተተኝ። ቀና ብል የባሕር ዛፉ ቅርፊት እየተንጣጣ እሳቱ ወደ ጓሮዬ ይወርዳል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በእጁ ያቆማት ቤት ናት፤ ከእሷ ሌላ መግቢያ የለኝም።

«ጫካው ጨሰ!» ብዬ ጮህኩ፣ በእሳቸው ቃል።

አንድም ሰው ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም። ሁሉም ቅርንጫፉን ዘንጥፎ፣ ልክ እንደዚያ እንደ ጉሙ ቀን፣ ቦታ ቦታውን ያዘ። እሳቱ አጥሬን ልሶ ቆመ።

አቶ ገላው ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ዳማከሴያቸውን እንደወተፉ፣ ጀሪካኗን እየጎተቱ ደረሱ።

«እኔ ሳላሸት!» አሉና ከጠቆረው አጥር ሥር ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ። «አፍንጫዬ ከዳኝ፣ ሥርጉት።»

«ተወው እባክህ፤ የእኛ አሽትቶልሃል።»

ከዚያ ወዲያ ልጃቸው ሄለን «ብቻህን አትቀመጥም» ብላ ሲ.ኤም.ሲ ካለው ቤቷ ወሰደቻቸው። እዚያ ምድጃው የኤሌክትሪክ ነው፤ የሚጫር አመድ የለም። የእኔም በር ማታ ማታ ዝም አለ። ለካ ያ የከዘራ ድምፅ ነበር እንቅልፌን የሚያመጣልኝ።

ትናንት አላስቻለኝም፤ ደወልኩላቸው።

«ገላው፣ ቤቱ ጭስ ጭስ ይለኛል።»

«እንዳትነኪው! መጣሁ!»

ከታክሲ ሲወርዱ ጀሪካኗን እንደ ሕፃን ታቅፈዋል። ጓሮውን ዞሩ፣ አጥሩን ዳበሱ፣ አፍንጫቸውን ወደ እንጦጦ ቀና አድርገው ቆዩ።

«አንቺ ሥርጉት፣ የታለ ጭሱ?»

«ግባና አመዱን ጫር ጫር አድርገው» አልኳቸው።

አንዲት ፍም ትቼላቸው ነበር።