የሦስት ዓመት ሥልጠና በሦስት እስክሪብቶ

(ፒያሳ፣ አንድ ኬክ ቤት። እሸቴ የአንድ የእሳት ማጥፊያ አስመጪ ድርጅት የመጋዘን ዘበኛ ነው፤ ገነነ የዚያው ድርጅት የሥነ ምግባር ኃላፊ። እኔ ከጎናቸው ማኪያቶዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ቅድም እሸቴ በር ላይ ሲደርስ አንዲት እናት የዓይን ጠብታ አውጥተው "ልጄ፣ ቀኑን አንብብልኝ" አሉት። ወደ ብርሃን አዙሮ ሁለት ጊዜ አነበበው። "አልፎበታል እማማ፣ እንዳይጠቀሙበት" ብሎ ፋርማሲ ድረስ ሸኛቸውና ተመለሰ። እሸቴ በመዘግየቱ ገነነ ተቆጥቷል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀትና ሦስት እስክሪብቶ ደርድሯል።)

ገነነ፦ በሰማያዊው አይደለም አልኩህ! ሰማያዊው የአምና ነው።

እሸቴ፦ እስክሪብቶም ዓመት አለው እንዴ ጋሽ ገነነ?

ገነነ፦ ጥቁሩ የካቻምና፣ ሰማያዊው የአምና፣ ይኼ ወፈር የሚለው የዘንድሮ። መርማሪ ዓይን አለው፣ ወዳጄ።

እሸቴ፦ የምን ፊርማ ነው ግን?

ገነነ፦ የሥነ ምግባር ሥልጠና የወሰድክበት።

እሸቴ፦ እኔ? የት?

ገነነ፦ አዳራሽ።

እሸቴ፦ አዳራሽ አለን?

ገነነ፦ መጋዘኑን ነው አዳራሽ ያልነው።

እሸቴ፦ መጋዘኑ በር ላይማ እኔው ነኝ የምውለው። ሥልጠናው በየት በኩል ገባ?

ገነነ፦ ኡፍ! ስማ፣ ያ ዳቦ ጋጋሪ እጁ ተቃጥሏል አይደል?

እሸቴ፦ ተክላይ። ሄጄ ጠይቄዋለሁ። የኛን ማጥፊያ ቢጫነው እፍ ብሎ ቀረ። እግዚአብሔር ነው ያተረፈው።

ገነነ፦ ሰኞ መርማሪዎች ይመጣሉ። ድርጅት እንደ ሰው ይከሰሳል፣ ታውቃለህ? ሠራተኛውን ያስተማረና የተቆጣጠረ ድርጅት ግን ቅጣቱ ይቀልለታል። ይኼን ያገኘሁት እኔ ነኝ! አለቃችን እንኳ ሰምተውት አያውቁም።

እሸቴ፦ ድርጅት ሲከሰስ ማን ነው የሚታሰረው? መጋዘኑ?

ገነነ፦ (እየሳቀ) አይ እሸቴ! ድርጅት ገንዘብ ይቀጣል፣ ሲብስም ይዘጋል። የሚታሰረው ወንጀል መሆኑን እያወቀ የሠራው ሰው ነው።

እሸቴ፦ እያወቀ።

ገነነ፦ እያወቀ! በል ፈርም።

እሸቴ፦ ምን እንደተማርኩ ቢጠይቁኝስ?

ገነነ፦ ጎሽ፣ አሁን ገባህ። አንብበው፤ ርዕሱን ያወጣሁት ራሴ ነኝ።

እሸቴ፦ (በጣቱ እየተከተለ) "ጊዜው ባለፈበት የእሳት ማጥፊያ ላይ አዲስ ቀን መለጠፍ ከባድ ወንጀል ስለመሆኑ።" ቆንጆ ትምህርት ነው! መቼ ነበር?

ገነነ፦ በየዓመቱ መስከረም ላይ። ሦስት ዓመት ሙሉ።

እሸቴ፦ አሠልጣኙስ?

ገነነ፦ እኔ ነኛ! በሦስቱም ቀለም ፈርሜያለሁ።

እሸቴ፦ (እስክሪብቶውን አስቀምጦ) አይቆጡኝና አንድ ነገር አልገባኝም። ኅዳር ላይ፣ እርስዎ እንደገና ሳይሞሉ አዲስ ቀን ሲለጥፉባቸው የዋሉት ሁለት መቶ ማጥፊያዎች... ስጠይቅዎ "አንተ በርህን ጠብቅ" ያሉኝ...

ገነነ፦ እሱማ የአለቃ ትእዛዝ ነው! ወንጀል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

እሸቴ፦ መስከረም ላይ አስተምረውን ኅዳር ላይ ረሱት?

(ገነነ ወረቀቱን አነሳ፣ አነበበው፣ ላብ አጠመቀው።)

ገነነ፦ ይቀደዳል። አሁኑኑ ይቀደዳል!

እሸቴ፦ ሌላ ኮፒ የለውም?

ገነነ፦ አለቃችን ጋ... ጠዋት አንብበው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ገነነ፣ ለካ ሁሉን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ" አሉኝና እኔ የፈረምኩበትን ለመርማሪዎቹ ላኩት።

እሸቴ፦ እኔ እንኳ ያልተማርኩትን አልፈርምም። ሰኞ ከጠየቁኝ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። የተክላይ እጅ ተቃጥሏል። (የገነነን ማኪያቶ ገፋ አድርጎለት) ይጠጡ፣ ቀዘቀዘ እኮ።

ገነነ፦ (ወንበሩን ወደ እኔ አዙሮ) ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ሁሉንም ሰምተዋል መሰለኝ። እባክዎ፣ ሰኞ መጥተው በሕይወቴ ማንንም አስተምሬ እንደማላውቅ ይመስክሩልኝ።