አራት ጤናማ እግሮች

አንድ መሥሪያ ቤት ታላቅ የሚባለው ሥራ ስለሠራ ሳይሆን ሥልጠና ስለሰጠ ነው። በዚህ መሠረት ሥራ አስኪያጁ ከዐውደ ጥናት በተመለሱ ማግስት፣ ሠራተኛው ሁሉ የዕለት ተዕለት ዕቃዎችን በእርሳስ እየሣለ «አስተውሎ የማየት አቅሙን እንዲያጎለብት» መመሪያ ወረደ። ባለጉዳዮች ደጅ ላይ ተሰልፈው ነበር፤ እነሱን ማየት ግን በመመሪያው አልተካተተም።

ለመጀመሪያው ሥዕል የሥራ አስኪያጁ የራሳቸው ወንበር አዳራሹ መሀል ቀረበ። አስተውሎ የሣለ ሰው ምክትል ሆኖ ይሾማል ተባለ። ይህን ሹመት ሲመኝ የኖረው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ እርሳሱን ቀርጾ ከፊት ተሰየመ። እውነት ለመናገር ሥልጠናው ሠርቶለታል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አተኩሮ አየ፤ ያየውም የወንበሩ አንድ የኋላ እግር ከላይ እስከ ታች መሰንጠቁን ነው። ላብ አጠመቀው። የጀመረውን በላጲስ አጥፍቶ አራት ጤናማ እግሮች ሣለ።

አጠገቡ የተቀመጠችው የሒሳብ ሠራተኛ ግን ስንጥቁን ቁልጭ አድርጋ ሣለችው።

«ምን ነካሽ አንቺ?» አላት በሹክሹክታ።

«ያየሁትን ነዋ የሣልኩት።»

«ማየቱንማ እኔም አይቻለሁ። የታየ ሁሉ ይሣላል እንዴ?»

ሥራ አስኪያጁ ሥዕሎቹን መረመሩ። ለእሷ «የመሥሪያ ቤቱን ንብረት በጥርጣሬ በማየት» ማስጠንቀቂያ ተጻፈላት። እሱን አቅፈው ሳሙት፤ ሹመቱንም እዚያው አበሰሩት።

«ወንበሩንም ሸልሜሃለሁ፤ ለእኔ አዲስ ታዟል» አሉት። «በል ተቀመጥበትና ባልደረቦችህ ይሣሉህ። እንዳትነቃነቅ።»

አዲሱ ምክትል አማራጭ አልነበረውም። ጉልበቱን አጥፎ፣ ወንበሩን ሳይነካ፣ ጣት በምታህል ክፍተት ከላዩ ቀረ።

«ተመቸህ?» አሉት ሥራ አስኪያጁ።

«በጣም ጌታዬ። ልክ እንደ ሥዕሉ ነው።»

ብዙም ሳይቆይ ጭኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ክፍተቱን አዳራሹ ሙሉ ሰው አየ፤ አዳራሹ ሙሉ ሰውም ተደላድሎ የተቀመጠ ምክትል ሣለ። የቀረችው ተስፋ ያየችውን የምትሥለው የሒሳብ ሠራተኛ ብቻ ነበረች። እሷ ክፍተቱን ከሣለችው ጉዱ ይወጣል፤ ግን ደግሞ ይገላገላል። በዓይኑ ተማጸናት። እሷም ቀና ብላ ክፍተቱን አየች፣ ላቡን አየች፣ የሚርገፈገፉትን ጉልበቶቹን አየች። ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘና ብሎ የሚስቅ ሰው ሣለች።

ሥራ አስኪያጁ ሥዕሏን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ ማስጠንቀቂያውንም አነሡላት።

«አሁን ማየት ተማርሽ» አሏት። «ጨረስሽ?»

«ኧረ ገና ነኝ» አለች እርሳሷን እየቀረጸች። «ግማሽ ሰዓት ቢጨመርልን?»

ተጨመረ።