ደም ሳይቀዳ የደረሰ ውጤት

አንባቢ ሆይ፣ ትኩሳት በየወሩ እየተመላለሰ አንቀጥቅጦዎት ያውቃል? እንግዲያው «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚሏትን መንታ በሽታ ሳያውቋት አይቀሩም። እኔን ዘንድሮ አራት ጊዜ ይዛኛለች፤ የምርመራ ወረቀቱ እንደዚያ ይላል። መድኃኒቱ ግን ጨጓራዬን ጨረሰው እንጂ ትኩሳቱን አልነካውም።

ባለፈው ሳምንት እንደገና ሲያንቀጠቅጠኝ ፈረስ መጋላ አደባባይ አጠገብ ያለች አንዲት ክሊኒክ ገባሁ። ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው ጋሼ» ብሎ ያንኑ መድኃኒት መጻፍ ጀመረ።

«ደሜ እኮ ገና እኔው ውስጥ ነው!» ብዬ ጮህኩበት።

«ቢቀዳም ያው ነው። የሌለበት ሰው የለም።»

ለእሱማ የጀጎል ግንብም ቢመረመር ታይፎይድ አያጣም!

«አንተስ ሲያተኩስህ?» አልኩት።

ወደ በሩ ገልመጥ አለና ድምፁን ቀነሰ፦ «እኔማ ድሬዳዋ ወርጄ ነው የምመረመረው።»