ለሽምግልና ወደ ፊሊፒንስ

በእግር መሄድን እንደ መዝናኛ የሚቆጥር ሐበሻ ቶሮንቶ ውስጥ ካያችሁ፣ ወይ መኪናው ተበላሽቷል፣ ወይ ፍቅር ይዞታል። ሦስተኛ ምክንያት የለም እል ነበር። አሁን ግን አግኝቼዋለሁ… ጓደኛው ፍቅር ይዞታል!

እንዴት መሰላችሁ? በቅደም ተከተል ላስረዳ። መምህር ነኝና ነገር ከመሀል መጀመር አይሆንልኝም።

ዮናስ የሚባል ጓደኛ አለን። ኖርዝ ዮርክ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ይሠራል። እዚያው ማሪሴል የምትባል ፊሊፒናዊት ነርስ አለች። ከዚህ በኋላ ያለውን እናንተው ጨርሱት። የራሱን ሺፍት በሰው ትከሻ ይጥል የነበረው ዮናስ የሌሎቹን ሁሉ መሸፈን ጀመረ። ለቁርስ ሩዝ በዓሣ መብላት ጀመረ። በመጨረሻ ቀለበት ገዛ። ማሪሴል ቀለበቱን አየች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ሣጥኑን መልሳ ዘጋችው።

«ሎላ ሳያዩህ አይሆንም» አለችው።

ሎላ ማለት በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። እኚህ ሎላ ማሪሴልን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጉ፣ ከማኒላ በስተሰሜን በተራራማ አገር የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። አውሮፕላን አልሳፈርም፣ ካናዳ የሚባል አገርም አልረግጥም ብለዋል። እሳቸው እሺ ካሉ ሰርግ አለ፤ እምቢ ካሉ የለም። በቃ!

ዮናስ ወዲያውኑ እኔና ሲሳይ ወደምንኖርበት የፍሌሚንግደን ፓርክ አፓርትመንት መጣ። ሲሳይ ታክሲ ነጂ ነው። ሥራው መቀመጥ ነው፣ ዕረፍቱም መቀመጥ ነው።

«ሽማግሌ እፈልጋለሁ» አለ ዮናስ ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ።

«ምን ችግር አለ? ጋሽ ታደሰን እናናግራቸዋለን» አልኩ።

«ጋሽ ታደሰ ፊሊፒንስ ድረስ ይሄዳሉ?»

«ጋሽ ታደሰ?» አለ ሲሳይ። «ሰውዬው ፖስታ ሣጥናቸውን ለማየት እንኳ ከሰው ጋር ነው የሚወርዱት!»

ዮናስ አየን። እኛም አየነው። ከዚያ እኔና ሲሳይ ተያየን።

«እንዳታስበው!» አለ ሲሳይ። «ወንድሜ፣ እኔ ራሴ ሽማግሌ የሚሆነኝ አጥቼ በላጤነት የቀረሁ ሰው ነኝ!»

አሰበው። እንዲህ ሆኖ ፂማችን በቅጡ ሳይገጥም ሽማግሌዎች ሆንን።

እኔ እንደምታውቁት ያለ ዝግጅት ክፍል አልገባም። ሳሎናችን ውስጥ ወዲያው ኮርስ ከፈትኩ።

«በፊሊፒንስ ታላቅ ሰው ስታገኙ» አልኳቸው፣ «እጃቸውን በእርጋታ ትይዛላችሁ፣ ዝቅ ትላላችሁ፣ የእጃቸውን ጀርባ ግንባራችሁን ታስነኩታላችሁ። ይህ ማኖ ይባላል። ስትናገሩ ደግሞ መጨረሻ ላይ ፖ ትላላችሁ። ፖ የእነሱ አንቱ ናት።»

ሲሳይ ፎጣ ተከናንቦ ሶፋው ላይ ሎላን ሆነ። ዮናስ እጁን ያዘና በግንባሩ ገጨው።

«ቀስ! እጅ ነው እንጂ ኳስ አይደለም!» አልኩ።

«ልጄን አልሰጥም!» አለ ሲሳይ በቀጭን ድምፅ። «ይሄ ልጅ እጁን ያልበዋል። ደግሞ ቲቸራችሁ ብዙ ያወራል፣ አስወጡልኝ!»

ደጋግመን ተለማመድን። ስንሳፈር የቀረን ነገር አልነበረም። ማለት… ለእኔ አልታየኝም።

ማሪሴልን ይዘን ማኒላ ደረስን። ከዚያ አውቶቡስ። ከዚያ ጂፕኒ። ጂፕኒ ማለት እንደ ሰርግ መኪና አሸብርቃ፣ እንደ አዲስ አበባ ውይይት ታክሲ ሰውን ፊት ለፊት አስቀምጣ የምትጭን መኪና ናት። ሲሳይ ወደዳት። «ይቺን ቶሮንቶ ባስገባት!» እያለ ሳለ ማሪሴል ጣሪያውን አንኳኳችና አስቆመች። ሻንጣችንን አወረድን። ጂፕኒዋ ጡሩምባዋን ነፍታ ዳገቱን ያዘች።

«ቆይ» አለ ሲሳይ። «የሎላ ቤት በየት ነው?»

«በዚያ» አለች ማሪሴል ወደ ጂፕኒዋ እያመለከተች።

«መኪናዋም እኮ ወደዚያው ነው የምትሄደው!»

«አዎ።»

«ታዲያ?!»

«እኛ በእግር ነው» አለች። «የቤታችን ደንብ ነው። አክስቶቼ በየመንደሩ አሉ። አንድ ወንድ ሴት ልጃችንን ሊወስድ ከመጣ በመኪና ሽው ብሎ አያልፍም፤ ቀስ ብሎ እየሄደ ይታያል።»

ሲሳይ መንገዱ ዳር ተቀመጠ። ሞራሉን ማንሳት የእኔ ድርሻ ነበርና አስረዳሁት።

«ይህ እኮ ፈረንጅ ሥራውን ትቶ የሚመጣበት ነገር ነው። አገርን በእግር፣ በዝግታ፣ እያጣጣሙ ማየት። ስሎው ትራቭል ይባላል።»

«ቲቸር፣ እኛ ሰፈር ደግሞ መኪና ማጣት ይባላል።»

ሄድን። አገሩ ለዓይን ድግስ ነው! የሩዝ እርከኖቹ ከተራራው አናት እስከ ሸለቆው እንደ ደረጃ ይወርዳሉ። በየደረጃው ውኃ ተኝቷል፤ ውኃው ላይ ደግሞ ሰማዩ። መንገዱ ግን የእርከኑ ጠርዝ ነው። ስፋቱ አንድ ጫማ ያህላል፤ የሲሳይ እግር ከዚያ ይበልጣል። በቀኝ ጭቃ፣ በግራ ገደል። ጎሾች ከነቀንዳቸው ጭቃው ውስጥ ተዘፍዝፈው ያዩናል። አስተያየታቸው የአዘኔታ ነበር።

በየመንደሩ አክስት አለች። በየአክስቱ ቤት ሩዝ አለ። ብሉ ይሉናል፤ እንበላለን፤ ጨምሩ ይሉናል። ወጥተን ገና መታጠፊያው ላይ ሳንደርስ የማሪሴል ስልክ ጢር ይላል። አክስቲቱ ለሎላ ቴክስት አድርጋለች፣ ለማሪሴልም እንድታውቀው ልካላታለች።

«ምን አለች?» ይላል ዮናስ ፊቱ አመድ መስሎ።

«‹ልጁ ሁለቴ አስጨመረ፣ ጥሩ ይበላል› ብላለች።»

«ተመስገን!»

ቀጣዩ መንደር፣ ቀጣዩ ጢር።

«‹ወፍራሙ ሩዛችን ውስጥ ወደቀ። እሱን አውጥተነዋል፣ አንዱን ጫማውን ግን አላገኘነውም።›»

«ስለ እኔስ የተባለ የለም?» አልኩ።

ማሪሴል ስልኳን እያየች ከንፈሯን ነከሰች። «‹ባለመነጽሩ ሩዝ እንዴት እንደሚበቅል አስረዳን› ብላለች።»

«አዎ! በደንብ ነው ያዳመጠችኝ እኮ።»

«ቲቸር» አለ ሲሳይ በአንድ ጫማ እያነከሰ፣ «ሴትዮዋ ሩዝ እየተከለች ነበር!»

ሳቁብኝ። ዮናስ ግን አልሳቀም። እሱ የሚጠብቀው የሎላን መልስ ነው። የሎላ መልስ ደግሞ ከመንደር መንደር አይለወጥም። አክስቶቹ አወደሱትም አሙትም፣ አሮጊቷ የሚጽፉት ያችኑ ነው፦ «እናያለን።»

«እናያለን ምን ማለት ነው?» ይለኛል ዮናስ በየዳገቱ። «ቲቸር፣ ጥሩ ነው መጥፎ?»

«ገለልተኛ ነው።»

«ፊቷን አይተኸዋል? ማሪሴል ራሷ ፈርታለች። እምቢ ቢሉ እሷ አታገባኝም። እኔ ደግሞ ሌላ ሴት አላገባም።»

ይህን ሲል ቀልድ አልነበረውም።

በመጨረሻ ወንዙ ጋ ወረድን። የሎላ ቤት ከማዶ፣ ከቀርከሃው ሥር ይታያል። የማሪሴል አጎት በጠባብ የእንጨት ጀልባ ይጠብቁን ነበር። ጀልባ ልበላት እንጂ ረዘም ያለች ገበታ ናት! ማሪሴል ዳር ቆማ ሻንጣ ስታቀብለን እኛ ተራ በተራ ገብተን ተቀመጥን፦ ዮናስ ከፊት፣ ሲሳይ ከመሀል፣ እኔ ከኋላ።

«አንድ ጊዜ ስሙኝ» አልኩ። «እዚህ ላይ ፊዚክስ አለ። ክብደት ዝቅ ካለ ጀልባ ትረጋጋለች፤ ከፍ ካለ ትገለበጣለች። ስለዚህ ማንም፣ በምንም ምክንያት፣ ከመቀመጫው አይነሣም። ሲሳይ፣ ገባህ?»

«ቲቸር፣ ከዚህ ሁሉ መንገድ በኋላ ተቀመጥ ያለኝን ሰው እምቢ የምል ይመስልሃል?»

በዚህ መሀል በእኛ በኩል ካለ ቀርከሃ ጀርባ ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ፀጉራቸውን የጠቀለሉ፣ ጃንጥላ የያዙ አሮጊት ብቅ አሉ። መጠበቁ ሰልችቷቸው ቀድመው ወዲህ ተሻግረው ኖሯል።

«ሎላ!» ብላ ማሪሴል ጮኸች።

ሎላ ከላይ እስከ ታች አዩን። ጃንጥላቸውን እንደያዙ ቀጥ ብለው መጡና አንድ እግራቸውን ጀልባዋ ላይ አሳረፉ።

እናንተዬ… ከዚህ በኋላ የሆነውን ማንም አላዘዘም። ታላቅ ሰው ሲገባ ብድግ ማለት የለመደው ጉልበቴ እኔን ሳያማክር ተነሣ። የዮናስም ተነሣ። ዕድሜውን ተቀምጦ የኖረው የሲሳይ ጉልበት እንኳ ተፈናጥሮ ተነሣ! ሦስታችንም በአንድ አፍ፦

«ኖር!»

«በእግዜር» ያለን ሰው የለም። የመለሰችልን ጀልባዋ ናት።

ከውኃው ብቅ ስል መጀመሪያ ያየሁት ጃንጥላውን ነው፤ ተገልብጦ ብቻውን ጉዞ ጀምሯል። አጎትየው ጀልባቸውን እያሳደዱ ነው። ሲሳይ ሁለተኛ ጫማውንም አስረክቦ ሻንጣ አቅፎ ተቀምጧል። ዮናስ ግን… ዮናስ ዋና አያውቅም። ውኃውን በሁለት እጁ እየደበደበ «ኢየሱስ! ኢየሱስ!» ይላል። ሎላስ? ሎላ ቆመዋል። ውኃው ወገባቸው ላይ ነው! በእርጋታ ተራምደው ሄዱና የዮናስን ኮሌታ ጨምድደው በእንግሊዝኛ፦

«ስታንድ!» አሉት።

አስቡት እንግዲህ! መነሣት በሌለበት ቦታ የተነሣ ሰው፣ አሁን ቁም ሲሉት እግሬን አልዘረጋም ብሎ ይንፈራገጣል። ሎላ እንደ ጆንያ ጎትተው ዳር አወጡት።

ሦስታችንም ውኃ እያንጠባጠብን ተደረደርን። ሎላ ቀሚሳቸውን እየጨመቁ በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉ።

«‹የትኛው ነው የገፋኝ?› እያሉ ነው» አለች ማሪሴል።

የሽምግልናው ሰዓት እንደሆነ ገባኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ክብርት ሎላ ፖ! ከሩቅ አገር መጥተን ከደጅዎ ቆመናል…»

«ቲቸር፣ መቆምን አታንሣባቸው!» አለ ሲሳይ በሹክሹክታ።

ዮናስ ወደ ፊት ወጣ። ጎንበስ ብሎ የሎላን እጅ ያዘና ግንባሩን አስነካው። በዚያ ሁሉ ልምምድ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አሳምሮት አያውቅም። «ሶሪ ፖ» አለ።

ሎላ እጃቸውን አልነጠቁትም። ወደ ማሪሴል ዞሩ። ማሪሴል ማስረዳት ጀመረች። በእጇ መቀመጥን፣ መነሣትን፣ መገልበጥን እያሳየች ረጅም ነገር ተናገረች። ዮናስ ቀና ብሎ አያት።

«ምን አልሻቸው?»

«ማንም አልገፋዎትም፣ አክብረውዎት ነው የተነሡት አልኳቸው። በአገራቸው ታላቅ ሰው ሲገባ ሁሉም ይነሣል አልኳቸው።»

ሎላ አሰቡ። ከዚያ ጠየቁ፣ ማሪሴልም እየመለሰች ተረጎመችልን።

«‹ጀልባ ላይም?› አሉ። ‹የትም ቢሆን› አልኳቸው። ‹ሕዝቡ ሁሉ እንዲህ ነው?› አሉ። ‹ሁሉም› አልኳቸው። ‹ካናዳም ሄደው አልተዉትም?› አሉ። ‹አልተዉትም፣ ሎላ፤ ሬስቶራንት ውስጥ እንኳ ሹካቸውን አስቀምጠው ይነሣሉ› አልኳቸው።»

አሮጊቷ ወንዙን አዩ። ዮናስን አዩ። ከዚያ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ማሪሴል አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ምንድነው? ምን አሉ?» አለ ዮናስ።

«‹ሰርጉ ላይ ስንት ሰው ይኖራል?› አሉ። ‹አውሮፕላኑን እሳፈራለሁ› አሉ!»

ሰርጉ የተደረገው እዚሁ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ ባንድ አዳራሽ ነው። ሙሽሮቹ ገቡ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ምግብ ቀረበ። ያኔ ሎላ በዋናው በር ገቡ። አዳራሹ ሙሉ ሐበሻ በአንድ ጊዜ ብድግ! «ኖር!» ወንበሩ ሲንጓጓ የሰማ ባቡር መጣ ይል ነበር። ሎላ ቀስ ብለው፣ ግራ ቀኝ እያዩ፣ እየሣቁ አለፉ። ተቀመጡ። ተቀመጥን። ገና አንድ ጉርሻ ሳናነሣ እጃቸውን ሊታጠቡ ወጡ። ተመለሱ። ብድግ! ተቀመጥን። ሹራባቸውን ሊያመጡ ወጡ። ተመለሱ። ብድግ! በረዶ ሊያዩ ወጡ። ብድግ!

«ቲቸር፣ አንድ ነገር በላቸው እንጂ!» አለ ሲሳይ ሳህኑን ታቅፎ። «ወጡ ቀዘቀዘ!»

«ምን ልበል? የሙሽራዋ አያት ናቸው!»

ጋሽ ታደሰ እንኳ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ራሳቸው ታላቅ ሆነው ሳሉ ሲነሡ ሲቀመጡ ላብ በላብ ሆነዋል። በመጨረሻ መፍትሔ አገኘሁ። መላ ማግኘት ሥራዬ ነው። ሎላ እንደገና ወጣ ሲሉ ወንበር ላይ ወጥቼ ለጉባኤው አስረዳሁ፦ «ወገኖቼ፣ ስንነሣ ስንቀመጥ ከምንደክም ዝም ብለን ቆመን እንብላ!» አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ሁሉም ሳህኑን ይዞ ቆመ። መብላት ጀመርን።

ሎላ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ደፍ ላይ ቆሙ። ዙሪያውን አዩ። ፊታቸው ተለወጠ። ከዚያ መዳፋቸውን ወደ ታች አድርገው፣ ክፍል እንደሚያረጋጋ መምህር፣ ቀስ አድርገው አወዛወዙልን፦ ተቀመጡ።

ተቀመጥን።

ገቡ።

ተነሣን።